የዱባጉንታ ፊደል ቆጣሪዎች

ቀኑን ሙሉ በሰው ማሳ ጎንበስ ብላ ሩዝ ስትተክልና ስታርም የዋለች ሴት፣ ማታ እሳቷን አንድዳ፣ ልጆቿን አብልታና አስተኝታ፣ ዕቃዋን አጥባ ከጨረሰች በኋላ፣ ጎኗን ለማሳረፍ በመጋደም ፈንታ ፋኖስ ወደ በራበት ደጅ ሄዳ ከመሰሎቿ ጋር ፊደል ትቆጥር ዘንድ ያስነሣት ምን እንደ ነበር፣ ከፊደሉም በኋላ ምን እንዳደረገች ለማወቅ የሚሻ አንባቢ፣ ስለ ሕንድ ገጠር ሴቶች ከተጻፈው ብዙ ሐተታ አስቀድሞ የአንዲት መንደር ታሪክ ቢሰማ ይጠቀማል፤ መንደሪቱም ዱባጉንታ ትባላለች።

ዱባጉንታ በደቡብ ምሥራቅ ሕንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር፣ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ጋር በሚዋሰነው በኔሎር አውራጃ የምትገኝ የገበሬና የቀን ሠራተኛ መንደር ናት። አገሪቱ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1951 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ የሕዝብ ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከመቶ የሕንድ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት ዘጠኝ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከዚያም በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት ትምህርት በከተማ ሲስፋፋ፣ የገጠሪቱ ሴት ግን በአብዛኛው እናቷ እንደ ኖረችው ከመጽሐፍ ተለይታ ትኖር ነበርና፣ መንግሥት በ1988 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አወጀ። ዘመቻው ኔሎር በደረሰ ጊዜ ወጣቶች ያለ ደመወዝ ለማስተማር ፈቃደኛ ሆነው ወደየመንደሩ ወጡ፤ የተማሪውም ቍጥር ሲታይ የሚበዙት ሴቶች ሆኑ።

የመማሪያውን መጽሐፍ ያዘጋጁት ሰዎች ማስተዋላቸው የሚመሰገን ነው። ለአዋቂ ሰው ስለ ዝሆንና ስለ ጦጣ የሚናገር የሕፃናት ንባብ በመስጠት ፈንታ፣ ሴቲቱ ዕለት ዕለት የምታየውን ኑሮ፣ ይኸውም የቀን ምንዳን ማነስ፣ የውሃን መራቅ፣ የባልን መስከር፣ በንባብ መልክ አደራጅተው በፊቷ አኖሩት። ፊደሉን እየለቀመች የራሷን ጉስቁልና በወረቀት ላይ ያነበበች ሴት ደግሞ፣ ይህ ነገር በእኔ ብቻ የወረደ ዕጣ ነው ስትል የኖረችውን አሳብ ትታ፣ በግራና በቀኟ ወደ ተቀመጡት ዘወር ብላ፣ በእናንተስ ቤት እንዴት ነው ብላ መጠየቋ የማይቀር ሆነ። እኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ መነሻው ይህ ጥያቄ እንደ ሆነ አምናለሁ፤ ፊደል ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል ባልሠራም ነበር፣ ፊደሉ ግን ሴቶቹ ያለ ወቀሳ ከቤታቸው ወጥተው በአንድነት የሚቀመጡበትን ምክንያት ሰጣቸው።

መልሱም በየቤቱ አንድ ሆኖ ተገኘ። በዚያ አገር ድኻው የሚጠጣው መጠጥ አራክ ይባላል፤ የእኛ አገር ሰው አረቄ የሚለው መሆኑ ነው፣ ሁለቱም ስም ከአንድ የዓረብ ቃል የወጣ ነውና። አራኩን በየአውራጃው የመሸጥ መብት መንግሥት በየዓመቱ በጨረታ ለነጋዴዎች ይሸጥ ነበር፤ ከዚህም የሚገኘው ቀረጥ ከክፍለ ሀገሩ ዋና ዋና ገቢዎች አንዱ ስለ ነበረ፣ መጠጡ በትንንሽ ከረጢት እየታሸገ መኪና በቅጡ ወደማይገባበት መንደር ሳይቀር በሰዓቱ ይደርስ ነበር። የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ባልገባበት መንደር አራክ ሳይጓደል መድረሱ ሴቶቹን ከምንም በላይ ያንገበገባቸው ነገር ሆነ። ባል የቀን ምንዳውን ከእርሻው እስከ አራኩ ሱቅ ባለው መንገድ ይዞት ይሄዳል፤ ከሱቁ እስከ ቤቱ ባለው መንገድ ግን የሚይዘው ነገር የለውም፤ ቤት ሲደርስም የሚስቱን ምንዳ ይጠይቃል፣ ብትከለክለው ይመታታል።

የዱባጉንታ ሴቶች በአንድነት ተነሥተው አራኩን ከመንደራቸው አስወጡ፣ ሱቁንም አዘጉ። መንደሪቱን የታሪክ መነሻ ያደረጋት ግን ይህ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የዘመቻው መምህራን የእነዚህን ሴቶች ሥራ ራሱን ንባብ አድርገው በተከታዩ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ማግባታቸው ነው። በሌላ መንደር ፋኖስ ዙሪያ የተቀመጠች ሴት እንግዲህ የምታነበው በሩቅ ዘመን የነበረችውን ንግሥት ገድል ሳይሆን፣ እንደ እርስዋ ባዶ እግሯን በሰው ማሳ የምትውል የጎረቤት መንደር ሴት ያደረገችውን ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ከመንደር መንደር ተያያዘ፤ ሴቶች መጥረጊያና የበርበሬ ዱቄት ይዘው የአራክ መኪና በሚገባበት መንገድ ቆሙ፣ ከረጢቱን እያወረዱ በአደባባይ አቃጠሉ፣ ዓመታዊው ጨረታ በሚደረግበት ግቢ እየተሰበሰቡ ጨረታውን ደጋግመው አስተጓጐሉ። መንግሥት በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. በኔሎር አውራጃ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ደግሞ በመላው አንድራ ፕራዴሽ አራክን ከለከለ፤ በ1995 ዓ.ም. መጀመሪያም፣ ታዋቂው የፊልም ተዋናይ ኤን. ቲ. ራማ ራኦ በምርጫ ለሴቶቹ ቃል ገብተው የክፍለ ሀገሩን አስተዳደር ከያዙ በኋላ፣ ማንኛውም የሚያሰክር መጠጥ የተከለከለ ሆነ።

ይህ ሙሉ እገዳ በ1997 ዓ.ም. ተነሣ። ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆነ፣ የኮንትሮባንድ መጠጥ በዛ ተባለ፤ የተባለውም ሐሰት አልነበረም። እገዳው በመነሣቱ ብቻ የሴቶቹን ድካም ከንቱ የሚያደርግ ጸሐፊ ቢኖር ግን የሁኔታውን ግማሽ ብቻ ያየ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አራኩ በተከለከለ ጊዜ በየቤቱ ከሚጠጣው ገንዘብ የተረፈው ሳንቲም ወዴት ሄደ የሚለውን ጥያቄ አልጠየቀም። የኔሎር ሴቶች ከዚያ ገንዘብ በየቀኑ አንዳንድ ሩፒ፣ በወር ሠላሳ ሩፒ፣ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ቁጠባቸውንም በሀብት አምላካቸው በላክሽሚ ስም ፖዱፑ ላክሽሚ ብለው ጠሩት። ፊደል ለመቁጠር የተሰበሰበው ጉባኤ አራክ አባራሪ ሆኖ፣ አራክ አባራሪው ደግሞ ገንዘብ ቆጣቢ ሆኖ እነሆ ቀጠለ። እነርሱ እንዲህ ያለውን ጉባኤ ሳንጋም ይሉታል፤ ከጥንቱ ከሳንስክሪት ቋንቋ የመጣ፣ መገናኘት፣ መሰብሰብ ማለት ነው።

የሳንጋሙን አሠራር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም፤ እቁብንና የጽዋ ማኅበርን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋልና። ከአሥር እስከ ሃያ የሚሆኑ የአንድ ሰፈር ሴቶች በየሳምንቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ሁሉም እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ከመካከላቸው መጻፍ የምትችለው በደብተር ትመዘግባለች። ከእቁብ የሚለየው ገንዘቡ ተራ ለደረሳት ተሰጥቶ የሚያልቅ ሳይሆን እየተጠራቀመ የሚኖር፣ ለቸገራትም በወለድ የሚበደር መሆኑ ነው፤ ወለዱ ተመልሶ የሚገባው በዚያው በጋራ ሣጥን ነው። ልጇ የታመመባት ሴት የመንደሩ አራጣ አበዳሪ ደጅ ብትቆም ኖሮ በወር ከመቶ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ወለድ ይጣልባት፣ ለመያዣም ጌጧን ወይም የመሬቷን ወረቀት ታስረክብ ነበር፤ አሁን ግን ብድሯን የሚፈቅዱላት ልጇ መታመሙን በዓይናቸው ያዩ ጎረቤቶቿ ናቸው። ደግሞም የማትመልስ ብትሆን የሚጠይቃት የአራጣ አበዳሪው ጎረምሳ ሳይሆን፣ በሚመጣው ሳምንት ከአጠገቧ የምትቀመጠው ሴት ናት፤ ዋስትናው ይህ ነው፣ ከወረቀት መያዣ የበለጠ ጽኑ ሆኖ ተገኝቷል።

በ1992 ዓ.ም. የሕንድ የእርሻና የገጠር ልማት ባንክ ለሙከራ 500 እንደዚህ ያሉ ቡድኖችን ከባንኮች ጋር ለማገናኘት ተነሣ። ዛሬ በብሔራዊው የገጠር መተዳደሪያ መርሐ ግብር ሥር ብቻ የተመዘገቡት ቡድኖች ከ9 ሚሊዮን በላይ፣ አባሎቻቸውም ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶች ናቸው። በዓለም ላይ ይህን ያህል ሴት በአንድ ዓይነት ሥርዓት የተሰበሰበበት ሌላ ማኅበር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በዚሁ በገንዘብ ነገር ሳለሁ በምዕራብ ሕንድ፣ በማሃራሽትራ ክፍለ ሀገር፣ ምሃስዋድ በምትባል ደረቅና ድርቅ በሚያጠቃት ቀበሌ የሆነውን ሳልናገር ማለፍ አይቻለኝም። ቼትና ጋላ ሲንሃ የተባሉ፣ ከቦምቤይ ከተማ ወደዚያ ገጠር በጋብቻ የሄዱ ወይዘሮ፣ በቀን ጥቂት ሩፒ ሊያስቀምጡ የሚፈልጉትን ድኾች ሴቶች ባንኮቹ አናስተናግድም ብለው በመለሷቸው ጊዜ፣ የሴቶቹን የራሳቸውን ባንክ ለማቋቋም አስበው ለብሔራዊው ባንክ የፈቃድ ማመልከቻ አቀረቡ። መሥራቾቹ ሴቶች በማመልከቻው ላይ የፈረሙት በአውራ ጣታቸው ነበርና፣ መሃይማን ባንክ ሊያቋቁሙ አይችሉም ተብሎ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ወይዘሮዋ አዝነው ይህን ለሴቶቹ ቢነግሩ፣ ይህማ ቀላል ነው፣ እንማራለን፣ አሉና በየማታው መማር ጀመሩ፤ ከወራት በኋላም ራሳቸው ወደ ባለሥልጣኑ ቀርበው፣ በልጅነታቸው በመንደራቸው ትምህርት ቤት አለመኖሩ የእነርሱ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ቍጥር እንደሚያውቁ ገልጠው፣ የፈለጋችሁትን ዋና ገንዘብ ጥሩና ወለዱን እናስላ፣ የእናንተም ሹማምንት ያለ ማስሊያ መሣሪያ አብረውን ያስሉ፣ ብለው ተከራከሩ። ፈቃዱ ተሰጠ፤ ባንኩም በ1997 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ደንበኞቹ ለባንክ ቤት ብለው የቀን ምንዳቸውን ማጣት የማይችሉ ነበሩና፣ ደንበኛ ወደ ባንክ በመሄድ ፈንታ የባንኩ ሠራተኛ ወደየገበያውና ወደየደጁ እንዲሄድ ተደረገ። ከዚህ በፊት በ1974 ዓ.ም. በጉጃራት፣ በአህመዳባድ ከተማ፣ ወይዘሮ ኤላ ብሃት ያደራጇቸው 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ሩፒ አዋጥተው የሴቶች ባንክ አቁመው ስለ ነበር፣ የምሃስዋዶቹ የተከተሉት መንገድ ፈለግ ያልነበረው አይደለም።

ገንዘብ ግን ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም፤ ይህም በዚያው በአንድራ ፕራዴሽ ታየ። ሴቶቹ በቁጠባ ያሳዩት ታማኝነት ትርፍ ፈላጊ አበዳሪ ኩባንያዎችን ሳበ፤ የሳንጋሙን መልክ ብቻ ወስደው፣ ሴቶችን በቡድን እያስቀመጡ፣ አንዷ ያልከፈለችውን ሌሎቹ እንዲከፍሉ እያስገደዱ፣ ያላጠራቀሙትን ገንዘብ በላይ በላዩ አበደሩ። አንዲት ሴት የአንዱን ኩባንያ ዕዳ በሌላው ብድር እየከፈለች እስክትሰጥም ድረስ የደረሰባት፣ ሰብሳቢዎች ደጇ ላይ ቆመው ሲያዋርዷት ነፍሷን እስክታጠፋ ድረስ የጨነቃት ብዙ ናት፤ በ2010 ዓ.ም. የክፍለ ሀገሩ መንግሥት በአስቸኳይ አዋጅ ኩባንያዎቹን እስኪገታ ድረስ ነገሩ ቀጠለ። ልዩነቱ ጥቃቅን መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በሁለቱም ዘንድ ሴቶች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ በሁለቱም ዘንድ ደብተር አለ። ነገር ግን በአንደኛው የሚነጋገሩት እነርሱ ናቸው፤ በሁለተኛው የሚናገረው ሰብሳቢው ነው።

ሌላው ነገር መንገድ ነው። በታሚል ናዱ፣ በፑዱኮታይ አውራጃ፣ በ1991 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርቱን ዘመቻ ይመሩ የነበሩት የአውራጃው አስተዳዳሪ ሺላ ራኒ ቹንካት የተባሉ ሴት ነበሩ። አስተማሪዎቹ ልጃገረዶች በእግር ከመንደር መንደር ለመድረስ ሲቸገሩ አይተው ብስክሌት መንዳትን ከፊደሉ ጋር አንድ የትምህርት ክፍል አደረጉት፤ ባንኮችም ለብስክሌት መግዣ ብድር እንዲሰጡ አደረጉ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የገጠር ሴቶች፣ የእርሻና የድንጋይ ካባ ሠራተኞች፣ ነርሶችና መምህራት፣ ብስክሌት መንዳት ለመዱ። የሴት ብስክሌት ከገበያ ስለ ጠፋ የወንዱን ይገዙ ነበር፤ ከመቀመጫው እስከ መሪው የተጋደመውን ብረት አንዳንዶቹ ለሕፃን ማስቀመጫ የሚመች ሆኖ አግኝተውት እርሱን መረጡ። በመንገድ ላይ የሚሣለቁባቸው አልጠፉም። ይሁን እንጂ ሴቲቱ ልጇን ከፊቷ፣ የውሃ እንስራዋን ወይም ለገበያ የሚሆን አትክልቷን ከኋላዋ አድርጋ፣ አውቶቡስም ሆነ የባሏን ወይም የአባቷን ፈቃደኝነት ሳትጠብቅ ደርሳ ስትመለስ፣ የተረፈላትን ጊዜ ያወቀችው እርሷ ናት። በሰሜኑ በቢሃር ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለገባች ልጃገረድ ሁሉ መንግሥት የብስክሌት መግዣ ገንዘብ ሰጠ፤ ይህን የመረመሩ ሊቃውንት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመዘገቡት ልጃገረዶች ቍጥር በ32 ከመቶ መጨመሩን አግኝተዋል።

አሁን ወደ ሥልጣን ነገር እንግባ። ፓንቻያት በሕንድ የጥንት የመንደር ሸንጎ ነው፤ ስሙም ከአምስት ቍጥር የመጣ ሲሆን የአምስት ሽማግሌዎች ዳኝነት ማለት ነበር፣ ከአምስቱም አንዲት ሴት አልነበረችም። በ1992 ዓ.ም. መጨረሻ የሕንድ ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን ለ73ኛ ጊዜ ሲያሻሽል፣ ይህ ሸንጎ በየአምስት ዓመቱ በሕዝብ እንዲመረጥ፣ ከወንበሮቹም ሁሉ፣ ከአለቃውም ወንበር ሳይቀር፣ ሢሶው ለሴቶች ብቻ እንዲሆን ደነገገ፤ ድንጋጌውም ከሚያዝያ 24 ቀን 1993 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። በብዙው ክፍለ ሀገር አለቅነቱ ለሴት የሚሆንበት መንደር በምርጫ ዘመን በምርጫ ዘመን ይፈራረቃል። ቢሃር በ2006 ዓ.ም. ሢሶውን ወደ እኩሌታ ከፍ አደረገች፣ ብዙዎች ክፍለ ሀገሮችም ተከተሏት፤ ዛሬ በሕንድ የገጠር ሸንጎዎች የተቀመጡት ሴቶች ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ።

ሕጉ ሲወጣ በየአገሩ የተፈራው ነገር በእውነት ደረሰ። የአለቅነቱ ወንበር ለሴት በሆነበት መንደር ቀድሞ የገዛው ወይም ሊገዛ ያሰበው ሰው ሚስቱን ያስመርጣል፣ እርሷ በቤት ትውላለች፣ እርሱ በሸንጎው ይቀመጣል፣ ማኅተሙም በእርሱ ኪስ ይሆናል። ሕዝቡ ለእንዲህ ያለው ሰው ስም አውጥቶለት፣ በሂንዲ ሳርፓንች ፓቲ፣ የአለቃዋ ባል፣ ይለዋል። ይህን የሚያይ ሰው ሁሉ ተስፋ ሊቆርጥ ይችል ነበር፤ እኔም ስለዚህ ነገር መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ሕጉን በወረቀት ላይ የቀረ መልካም አሳብ አድርጌ ገምቼው ነበር።

ገምቼው የነበረው ልክ እንዳልሆነ ያሳየኝ የውሃ ነገር ነው። ለሴት የሚሆነው መንደር በምርጫ ሳይሆን በዕጣ መሰል አኳኋን የሚወሰን ስለ ነበረ፣ ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና ኋላ በ2019 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ኤስተር ዱፍሎ፣ በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን ሴቶች የሚመሯቸውን መንደሮች ወንዶች ከሚመሯቸው ጋር አስተያይተው የደረሱበትን በ2004 ዓ.ም. ጻፉ። ሴት በምትመራው መንደር ብዙ የውሃ ጉድጓድና ቧንቧ ተሠርቶ ተገኘ። ውሃ የሚቀዳው ማን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ በጠዋት እንስራ ተሸክሞ ሩቅ ያልሄደ ሰው ጉድጓዱ የት መቆፈር እንዳለበት በሸንጎ ላይ ሆኖ አይታየውም። በምዕራብ ቤንጋል በቢርብሁም አውራጃ በኋላ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነገር አገኘ፤ ሁለት የምርጫ ዘመን በተከታታይ ሴት በመራችው መንደር በወንዶችና በሴቶች ልጆች መካከል የነበረው የትምህርት ልዩነት ጠፍቶ፣ ልጃገረዶች በቤት ሥራ የሚያጠፉት ጊዜም ቀንሶ ታየ። አለቃዋ ትምህርት ቤት አልጨመረችም፤ እናትና አባት ለልጃቸው የሚመኙት ነገር ነው የተለወጠው።

ነገሩ ሁሉ በእንዲህ ያለ መልካም መንገድ ብቻ እንዳልሄደ መናገር ይገባል። በራጃስታን ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ከየመንደሩ አንዲት ሴት እየመረጠ፣ ሳቲን፣ ማለትም ጓደኛ፣ የሚል ስም ሰጥቶ፣ ሴቶችን እንድትሰበስብና ያለ ዕድሜ ጋብቻን እንድትከላከል ያደርግ ነበር። ከእነዚህ አንዲቱ በ1992 ዓ.ም. ገና ያልጠነከረች ሕፃን ስትዳር ለማስቀረት ስለ ሞከረች፣ ከእርሷ ወገን በማዕረግ ከፍ ይላሉ የሚባሉ ወንዶች በባሏ ፊት በኃይል ደፈሯት፤ ፍርድ ቤቱም በ1995 ዓ.ም. ተከሳሾቹን ከዚህ ዋና ወንጀል ነጻ አወጣቸው። የደረሰባት ግፍ ተረስቶ እንዳይቀር ያደረጉት ማኅበረ አንስት ነበሩ፤ አቤቱታቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰው፣ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ቦታ በሴት ላይ የሚደርስን ጥቃት የሚከለክል የመጀመሪያው መመሪያ እንዲወጣ አደረጉ፤ በ2013 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ሕግ ሆነ። በዚያ ሕግ ዛሬ በከተማ በየመሥሪያ ቤቱ ያለች የሕንድ ሴት ሁሉ ትጠበቅበታለች። ለሕጉ መነሻ የሆነችው የገጠር ሴት ግን ለራሷ የፈለገችውን ፍርድ አላገኘችም፤ ይህን እያወቁ ዝም ማለት ለእኔ የሚቻል አይደለም።

በመጨረሻ የቀረው መሬት ነው፣ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ይመስለኛል። ወንዱ ወደ ከተማ ለሥራ በሄደበት ብዙ አገር ዘር የምትዘራው፣ የምታርመውና የምታጭደው ሴት ሆና ሳለ፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የእርሻ ቆጠራ ከመቶ የእርሻ ይዞታዎች በሴት ስም የተገኙት ዐሥራ አራት ገደማ ብቻ ናቸው። በ2005 ዓ.ም. የተሻሻለው የሂንዱ ውርስ ሕግ ሴት ልጅ ከአባቷ መሬት ከወንድሞቿ ጋር እኩል እንድትወርስ ደነገገ፤ ነገር ግን መሬቱን የጠየቀች እኅት፣ ባሏ ቢሞት ወይም ቢያባርራት የምትመለስበትን የወንድሞቿን ደጅ ልታጣ ትችላለችና፣ ብዙዎቹ ድርሻቸውን በፊርማ ይተዋሉ።

ለብቻዋ መሬት ያላገኘች ሴት እዚህም ቢሆን ወደ ጉባኤው ተመለሰች። በቴላንጋና፣ በዛሂራባድ አካባቢ ያሉ የዳሊት ሴቶች፣ ይኸውም በዘር ማዕረግ ሥርዓቱ ከሁሉ በታች ተጥለው የኖሩት፣ በሳንጋም ተሰብስበው ጦም ያደረ መሬት እየተከራዩ የአባቶቻቸውን እህል፣ ማሽላውንና ዳጉሳውን፣ መልሰው ይዘራሉ፤ (ዳጉሳ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነሥቶ ሕንድ የገባ እህል ነው)። ዘሩን በየቤታቸው በጭቃ በተለሰነ ቅርጫት ያስቀምጡታል፤ ዘር የተበደረች ሴት በመኸር አብልጣ ትመልሳለች። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም በማችኑር መንደር በራሳቸው ቋንቋ የሚናገሩበት፣ በራሳቸው እጅ የሚሠራ የሬዲዮ ጣቢያ አላቸው።

ለብዙ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡባት ኬራላ ደግሞ፣ በ1998 ዓ.ም. ኩዱምባሽሪ፣ የቤተ ሰብ ብልጽግና፣ የሚባል የሴቶች ማኅበር አቋቁማለች፤ አባሎቹ ዛሬ ከ4 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ከእነርሱም ከ200 ሺህ በላይ የሚሆኑት በትንንሽ ቡድን እየተከፈሉ መሬት በመከራየት ሩዝ፣ ሙዝና አትክልት ያመርታሉ። የምጣኔ ሀብት ሊቅ የሆኑት ወይዘሮ ቢና አጋርዋል የእነዚህን ቡድኖች ምርት በግል ከሚያርሱት፣ አብዛኞቹም ወንዶች ከሆኑት ገበሬዎች ጋር ቢያስተያዩት፣ የሴቶቹ ቡድን ከአንድ ሄክታር በዓመት ያገኘው ምርት በዋጋ የግለኞቹን 1.8 እጥፍ ሆኖ አገኙት።

ነገር ግን በኬራላ፣ በ1970ዎቹ መሬትን ለአራሹ ያደረገው ሕግ መሬት ማከራየትን ስለሚከለክል፣ ሴቶቹ ከባለመሬቱ ጋር የሚዋዋሉት በቃል ነው፤ በእጃቸው የሚይዙት ወረቀት የለም። ዘንድሮ መንጥረው፣ ቦይ አውጥተው፣ ፍግ አልብሰው ያለሙትን ማሳ ለከርሞ ያገኙት እንደ ሆነ፣ ወይም ባለመሬቱ መልማቱን አይቶ ወስዶባቸው ሌላ ዳዋ የለበሰ መሬት ፍለጋ ይወጡ እንደ ሆነ የሚያውቁት፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ደብተራቸውን ይዘው፣ አምስት ስድስት ሆነው፣ ደጁ ሲቆሙ ነው።